የሰባተኛው ዳኛ ሙያ

መስከረም 14

ለምወድህ አጎቴ ለጋሽ ሊቁ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ ጤናህንም ሥራህንም ፈጣሪ ይጠብቅልህ። እኛ ደህና ነን። እማዬም ከጉልበቷና ከዓይኗ በቀር ምንም አትል። ጉልበቷ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል፣ ዓይኗ ደግሞ ፊደል ሲያይ። ስለዚህ ደብዳቤህን የማነብላት እንደ ድሮው እኔው ነኝ። ያለፈውን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ፤ በሦስተኛው ቸኩዬ ኖሮ ቀስ በይ፣ ቃሉን እየዋጥሽብኝ ነው ብላ ተቆጣች።

በኢሜይል ትቼ በወረቀት የጻፍኩት ወድጄ አይደለም። መሥሪያ ቤታችን በሳይበር ደህንነት ፖሊሲ ጥሩ የሠሩ ሰዎችን ይሸልማል፤ የገዛ ሠራተኞቹን ኢሜይል ደግሞ ቁጭ ብሎ ያነባል። ባለፈው ወር ለጓደኛዬ አለቃዬ አናቴ ላይ ወጡ ብዬ ጻፍኩላት። በማግስቱ አለቃችን ኮሪደር ላይ አስቁመው "ከአናትሽ ልውረድ እንዴ?" አሉኝ። እኛ አቶ ማኅተም ነው የምንላቸው፤ ማኅተሙን ከኮታቸው ኪስ ስለማይለዩት።

ጉዳዬ ይኸውልህ። የዘንድሮን ሽልማት ዳኞች እንድመርጥ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ሰባት ባለሙያ። እኔ ሞኟ ቀላል መስሎኝ ነበር። በዚህ ሙያ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፤ ያም ወይ ራሱ ተወዳዳሪ ነው፣ ወይ የተወዳዳሪ ባል ነው፣ ወይ የተወዳዳሪውን ሰነድ ጽፎለት ስሙን የደበቀ ነው። አንድ አዛውንት ባለሙያ ጋ ደውዬ ከተወዳዳሪዎቹ ጋር ዝምድና አለዎት ወይ ብላቸው፣ ከሁሉም ጋር ተጣልቻለሁ፣ አይበቃም? አሉኝ። በደስታ መዘገብኳቸው። እንዲህ እያልኩ ስድስት ሞላሁ። ሰባተኛው ግን ከውጭ አገር ይሁን ተባለ።

እማዬ ይህን ስትሰማ ሊቁ እያለ ሰው ታጪያለሽ እንዴ ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በትልቅ የኮምፒውተር ድርጅት የደህንነት ሥራ ላይ ያለ አጎት እያለኝ ምን ነክቶኝ ነው የሰው ደጅ የምጠናው? ስምህን አስገባሁ። ሳላስፈቅድህ ነውና ይቅር በለኝ። ደንቡ ከተወዳዳሪ ጋር መዛመድን ይከለክላል እንጂ ከጸሐፊዋ ከኔ ጋር አይልም፤ ያንን መጻፍ ረስቻለሁ። ለእያንዳንዱ ዳኛ "ሙያውን በግሌ አውቃለሁ" ብሎ የሚፈርም አንድ ሠራተኛ ያስፈልጋል። ይህንንም ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ አጭበርባሪ እንዳይገባ ብዬ። ላንተ የፈረምኩትም እኔው ነኝ።

አጭር የሕይወት ታሪክህንና ፎቶግራፍ ላክልኝ። ኮት ለብሰህ ተነሳ፣ አደራ።

የእህትህ ልጅ
ሚጡ

ጥቅምት 24

ለእህቴ ልጅ ለሚጡ፣

እንደምን ከረማችሁ? እንደምን ሰነበታችሁ? የእታለም ጉልበት እንዴት ነው? ደረጃው ላይ የእጅ መያዣ አሠሩላት ወይስ አሁንም ግድግዳውን ነው የምትደገፈው? የጓዳው ጣሪያ ማፍሰሱን ተወ? ሁላችሁንም እንደናፈቅኩ አለሁ። ይህን ያህል የጠየቅኩሽ ወደ ጉዳዩ መግባት ስላቃተኝ ነው።

ደብዳቤሽ በጊዜው ደርሶኛል። ሥራ በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት እንዳልል፣ ሥራዬ የሚበዛም የሚያንስም አይደለም። ያው ነው። የምሠራበት ሕንፃ አሥራ ዘጠኝ ፎቅ ነው። መግቢያው መስታወት ነው፤ ካርድ ሲያስነኩት ይከፈታል። በየጠዋቱ የማየውን ልንገርሽ። አንዱ ካርዱን ያስነካና ይገባል። ከኋላው የሚመጣውን ሰው ፊቱ ላይ መዝጋት ነውር ይሆንበትና በሩን ይይዝለታል። ያም ለሌላው ይይዛል። በአንድ ካርድ ሰባት ሰው ሲገባ ቆጥሬያለሁ። ይሉኝታ ባለበት ቁልፍ ምን ይፈይዳል? ይህን ለሊቃውንቱ ንገሪልኝ።

ዳኝነቱን በተመለከተ ግን እኔ ለዚህ የምሆን ሰው አይደለሁም። ሌላ ፈልጊ፣ ስሜንም አስወጪ። ኮት የለበስኩበት ፎቶግራፍ የለኝም፤ ያለኝ የሥራ ልብስ ነው። ይህንን የመጨረሻውን ለእታለም አታንብቢላት።

አጎትሽ

ኅዳር 8

ለምወድህ ለጋሽ ሊቁ፣

ጤናህን ይስጥህ፣ ትህትናህን ግን ትንሽ ይቀንስልህ። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። እዚህ ምንም የማያውቁት ካልዳኘን ብለው ያስቸግሩኛል፣ አንተ አሥራ አንድ ዓመት ሠርተህ አልሆንም ትላለህ።

ለማንኛውም አሁን መውጣት የለም። መልስህ ሲዘገይ ብሮሸሩ ታተመ። አቶ ማኅተም በሠራተኛው ስብሰባ ላይ ስምህን ሁለት ጊዜ ጠሩት፤ ከሥሩ "ዓለም አቀፍ የሳይበር ደህንነት ፖሊሲ ባለሙያ" ይላል። ፎቶግራፉን ከእማዬ ሳጥን ነው ያገኘነው፣ ለጓደኛህ ሚዜ ሆነህ የተነሳኸውን። ሙሽራውን ቆርጠን አወጣነው። ትከሻህ ላይ የቀረችው እጅ የሱ ናት፤ አንድም ሰው ልብ አላላትም።

እማዬ ብሮሸሩን ብፌው ውስጥ ብርጭቆዎቹ ፊት አቁማዋለች። ቤት የገባ ሰው ሁሉ ያነብላታል። የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሰውዬ ሳይቀር ቆጣሪውን ትቶ አንተን አንብቦ ሄደ። ሰው በሌለ ጊዜ በጣቷ ትዳስሰዋለች። እኔን ለማስተማር የተቸገርሽው ከንቱ አይቀርም ይለኝ ነበር እያለች ያንተን ነገር ታነሳለች።

ለመጨረሻው ዙር ያለፉትን ሦስት ሰነዶችና ባዶ የነጥብ መስጫ ቅጽ ልኬልሃለሁ። ቁጥር አንድ ስለ ይለፍ ቃል ነው። ቁጥር ሁለት አሥራ አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ የአንድ ክሊኒክ ኮምፒውተሮችን የሚጠግን ሰው የጻፈው ነው። ቁጥር ሦስት ዘጠና አራት ገጽ፣ ሽፋኑ በወርቅ ቀለም። የአቶ ማኅተም የበላይ ያስጻፉት ነው ይባላል፤ አቶ ማኅተም ስሙን ሲጠሩት ድምፃቸው ይለሰልሳል። አንተ የመሰለህን ስጥ። ለዚህ አይደል ከሩቅ የጠራንህ?

ሚጡ

ታኅሣሥ 5

ለእህቴ ልጅ ለሚጡ፣

ሰላምታዬን አሳጥሬዋለሁ። ካስረዘምኩት ወረቀቱ ያልቅና እንደገና ሳልናገር እቀራለሁ። ይህን ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው።

እኔ የሳይበር ደህንነት ባለሙያ አይደለሁም። ፖሊሲም አላውቅም። የነገርኩሽ ሕንፃ በር ጠባቂ ነኝ። ሰማያዊ ጃኬት እለብሳለሁ፣ የእንግዳ መዝገብ እይዛለሁ፣ ካርዱን ረስቶ ለመጣ ሰው ወደ ላይ ስልክ እደውልለታለሁ። ኮምፒውተር የማውቀው ሰዎች በብብታቸው ይዘውት ሲያልፉ ነው።

ሥራውን ባገኘሁ ቀን ለእናትሽ ጻፍኩላት። ትልቅ የኮምፒውተር ድርጅት ውስጥ የጥበቃ ሥራ አገኘሁ ብዬ ነበር። ጽፌ ስጨርስ፣ እኔ እንድማር ብላ እሷ ከትምህርት ቤት የወጣችበት ዓመት ድቅን አለብኝ። የያዘችው ደብተር እንኳ ገና አላለቀም ነበር፤ የተረፈውን ገጽ እኔ ነኝ የጻፍኩበት። "ጥበቃ" የምትለዋን ሰረዝኩና ከላይዋ "ደህንነት" ብዬ ጻፍኩ። አንድ ቃል ናት። በር መጠበቅስ ደህንነት አይደለም ወይ ብዬ ራሴን አሞኘሁ። በመልሱ እታለም "ሊቁ" የሚል ስም አውጥታ ላከችልኝ። ከዚያ በኋላ በየት በኩል ልውጣ? ዘንድሮ እነግራታለሁ እያልኩ ዓመቱ አለፈ፣ ከርሞም እንደዚያው። አሁን ደግሞ አንቺን ጎትቼ አስገባሁሽ።

ሰነዶቹን ግን አንብቤያቸዋለሁ። ስለማይገባኝ ሁለት ሁለት ጊዜ። ቁጥር ሦስት ዘጠና አራት ገጽ ሙሉ ስለ አጥር፣ ስለ ቁልፍና ስለ ቅጣት ያወራል። የተሳሳተ ሠራተኛ ሄዶ ለማን ይንገር? ለዚህ አንድ መስመር የለውም። ያ የክሊኒክ ሰው ግን በአራተኛው ገጽ እንዲህ ብሏል፦ "አጥፍቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ የተናገረ ሠራተኛ አይቀጣም።" ሚጡዬ፣ ይህ ሰው በር ላይ ቆሞ ያውቃል እላለሁ። እኛ ዘንድ ካርድ የጠፋበት ሰው ቅጣት ፈርቶ ለሦስት ሳምንት አፉን ይይዛል፤ በዚያ ካርድ ማን ሲገባና ሲወጣ እንደከረመ አንድዬ ይወቀው። ያቺን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አትጠይቂኝ። አንድ ሰዓት ይላል። እኔ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል።

ስሜን አስወጪ። ለእታለም ግን አትንገሪያት። እባክሽ።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 27

ለጋሽ ሊቁ፣

እንደምን ነህ አልልህም። ደህና እንዳልሆንክ አውቃለሁ፣ እኔም አይደለሁም።

ደብዳቤህን እደጅ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ተናድጄብሃለሁ። የተናደድኩት በር ስለጠበቅክ እንዳይመስልህ። ያንን ቃል ጮክ ብዬ ለእማዬ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። በኋላ የመጀመሪያውን ደብዳቤህን ከሳጥኗ አውጥቼ ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሁት። ከስርዙ ሥር "ጥበቃ" ይላል፤ ጥ በደንብ ትነበባለች፣ የቀሩት በግምት። ያኔ ዘልዬው አልፌያለሁ። የተሰረዘ ማን ያነባል?

ያኔ እደጅ እንደቆምኩ እማዬ ከውስጥ ሆና ሊቁ ነው ወይ፣ ነይ አንብቢልኝ አለች። ወረቀቱ እጄ ላይ ነው፣ ምን ልበላት? ገብቼ አነበብኩላት። ሰላምታህን አስረዘምኩት፣ ጉልበቷን ጠየቅኩላት፣ ዳኝነቱንም በደስታ ተቀብለሃል አልኩ። ስጨርስ "ዛሬ ደግሞ ቀስ ብለሽ ነው ያነበብሽልኝ፣ ተባረኪ" አለችኝ። ቀስ ያልኩት እየፈጠርኩ ስለነበር ነው። የሰማችው ደብዳቤ ያንተ አይደለም፣ የኔ ነው። ስለዚህ አሁን ሁለት ሆነናል።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ማኅተም ቢሮ ገብቼ እውነቱን ነገርኳቸው። ይጮሁብኛል ብዬ በሩን ዘግቼ ነበር። አልጮሁም። ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ እያሽከረከሩ ጥቂት አሰቡና "ይሄማ ተመቸን። የማያውቅ ሰው አይከራከርም" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስድስቱ ዳኞች ሦስት ለሦስት እንዳይሆኑ አቶ ማኅተም ይፈራሉ። እኩል ከሆነ ሰብሳቢው ይወስናል ይላል ደንቡ፣ ሰብሳቢው ደግሞ እሳቸው ናቸው፤ ግን እጃቸው እንዲታይ አይፈልጉም። ስለዚህ ያንተን እጅ ፈለጉ። ነጥቡን ራሳቸው ሞልተውታል፤ ለቁጥር ሦስት ዘጠና ስድስት ሰጥተሃል። ካልፈረምክ የኔ የሐሰት ምስክርነት ፋይሌ ውስጥ ይገባል፣ ስላንተም ጋዜጣ ላይ ማስተባበያ ይወጣል። እማዬ ጋዜጣ ባታነብ ጎረቤቱ ሁሉ ያነባል። ብሮሸሩን ያነበበላት ያ ሁሉ ሰው ማለቴ ነው።

የተሞላው ቅጽ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። የቀረው ፊርማህ ነው። ድሮ ከአንተ የምጠይቀው ጫማ ነበር፣ ከዚያ የእማዬ መነጽር ሆነ። አሁን ይህን ጠየቅኩህ። አፍሬ ነው የምጽፍልህ። ቁጥር ሁለትን እኔም ደግሜ አንብቤዋለሁ፣ ልክ ነህ። ቢሆንም ፈርምልኝ።

ሚጡ

ጥር 13

ለእህቴ ልጅ ለሚጡ፣

ፈጣሪ ልብሽን ያሳርፍልሽ። ይህን የምለው ከዚህ በታች ያለው እንደማያሳርፍሽ ስለማውቅ ነው።

አልፈረምኩም። ሦስት ጊዜ እስክሪብቶ አንስቻለሁ፣ እውነቱን ልንገርሽ። የእታለምን ጣት ብሮሸሩ ላይ እያሰብኩ ልፈርምልሽ ነበር። በኋላ ግን አሰብኩት፤ በር የሚያያዙትን ተያቸው፣ እኔ በገዛ እጄ አሥራ አንድ ዓመት ያለካርድ ወይም ያለፈቃድ ያስገባሁት አንድም ሰው የለም። ዘመዴ ነው፣ ያስገቡልኝ ያለኝ ስንቱ ነው። አሁን ባንዲት ፊርማ አንድ ወፍራም ሰነድ ሳስገባ ምን ልባል ነው?

ስለዚህ ያቺን ባዶዋን ቅጽ ሞላኋት። ሙያ በሚለው ቦታ "የበር ጥበቃ" ብዬ ጽፌያለሁ፤ ምንም አልሰረዝኩም። ነጥብ የሚለውን ባዶ ተውኩት፤ ለማላውቀው ነገር ነጥብ አልሰጥም። አስተያየት በሚለው ሥር ስለ ካርዱና ስለዚያች አንድ ሰዓት አራት መስመር ጻፍኩ።

ለእታለም የጻፍኩትም አብሮ አለ። ሊቁ ያልሽው ወንድምሽ በር ጠባቂ ነው ብሎ ይጀምራል። ፖስታውን አላሸግኩትም። የምታነቢላት አንቺ ነሽ፤ የተጻፈውን ብታነቢ፣ ሌላ ብትፈጥሪ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ፈሪ ነኝና የኔን ሸክም ላንቺ አሸከምኩሽ። ቅጹንም ቅደጂው ብትይ ቅደጂው። ፊርማሽ በኔ ምክንያት ታስሯል፣ እሱን ማስፈቻ መንገድ ፈልጌ አላገኘሁም። ምንም ብታደርጊ አልቀየምሽም።

አጎትሽ

የካቲት 6

ለአጎቴ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፣ እግርህንም ያጽናልህ። እግርህን ለምን እንዳነሳሁ መጨረሻ ላይ ታየዋለህ።

ቅጽህን ለሁለት ቀን በቦርሳዬ ይዤው ዞርኩ። በስብሰባው ቀን ዳኞቹ ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። ያንተም ቦታ ነበረ፤ የስም ካርድህና ያልተከፈተ ውኃ። አቶ ማኅተም ከውጭ የመጣውን ነጥብ አንብቢ አሉኝ፣ በሞሉት ቅጽ ላይ ፈርመህ የላክህ መስሏቸው ነው። ተነስቼ ከላይ ጀመርኩ። "ሙያ፣ የበር ጥበቃ" ስል ያ ከሁሉ ጋር የተጣሉት አዛውንት ሳቁ። አስተያየትህን አንብቤ ስጨርስ ግን እየሳቁ አልነበረም። ከዚህ ሰውዬ ጋር ብቻ ነው ያልተጣላሁት አሉና ለቁጥር ሁለት ሰጡ። ሁለት ሰዎች ተከተሏቸው። ሦስት ለሦስት ሆነ።

አቶ ማኅተም ማኅተሙን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ቁጥር ሦስት ላይ መቱት። ሽልማቱ ለወርቅ ቀለሙ ሄደ። ያ የክሊኒክ ሰው የምስክር ወረቀት እንኳ አልደረሰውም። ስልኩን ፈልጌ አራተኛው ገጽህን ያነበበ ሰው አለ ብዬ ነገርኩት። እሱም ማን ነው ሲለኝ አንድ ባለሙያ ነው አልኩት።

አቶ ማኅተም የጋዜጣውን ማስተባበያ እስካሁን አላወጡም፣ እኔንም አላባረሩኝም። ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር። የተናገርኩት ሁሉ በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ ፋይሌ ውስጥ ገብቷል፤ ጥፋትሽን ያመንሽው በራስሽ አፍ ነው አሉኝ። ቀጥለውም የሚመጣውን ዓመት ዳኞች የምትመርጪው አንቺው ነሽ፣ ከእንግዲህ እንግባባለን ብለውኝ ወጡ። ሌላ ሥራ እየጠየቅኩ ነው፣ ግን የትም ብሄድ ከዚህ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አምጪ ይሉኛል፤ ደብዳቤው ላይ ማኅተም የሚመታው ማን እንደሆነ ታውቃለህ። ስለዚህ እዚያው ነኝ።

የእማዬን ላቆይብህ አልፈለግኩም፣ ግን እኔም ፈርቼ ነው እዚህ ያደረስኩት። እሑድ ጠዋት መስኮቱ ጋ አስቀምጬ አነበብኩላት። የጻፍከውን ብቻ፣ አንዲትም ሳልጨምር። የታኅሣሡን ደብዳቤ እኔ እንደፈጠርኩትም አብሬ ነገርኳት። መጀመሪያውን ድገሚልኝ አለች፣ ደገምኩላት። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳችና ብሮሸሩን ከብፌው አወጣችው። የምትቀደው መስሎኝ ነበር። ፎቶግራፍህን በጣቷ ስትዳስስ ቆየችና እንዲህ አለችኝ፦

"ቆሞ ነው የሚውለው ወይስ ወንበር ሰጥተውታል?"

ደብዳቤህን ከፊትም ከኋላም አገላበጥኩት። አልጻፍከውም። የድሮዎቹንም ሳጥኗን ዘርግፌ አየሁ፣ የትም የለም። አላውቅም አልኳት። ጉልበታችን የቤተሰብ ነው፣ እሱም እንደኔ ይሆናል፣ አሥራ አንድ ዓመት ቆሞ ከሆነ ምን ቀረው አለችና አለቀሰች። ከእሑድ ጀምሮ ከሥራ ስገባ የምትጠይቀኝ ይህንኑ ብቻ ነው።

ብሮሸሩ ብፌው ውስጥ ተመልሷል። ለዚህ ግን እንደ መጀመሪያው ስድስት ሳምንት አትፍጅብን። ጋሼ፣ ወንበር አለህ?

ሚጡ